ቢላዋው የሚሰቀልባቸው 55 ቀናት
የአቃቂ ቃሊቲ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ጾሙን እንዴት ከርመው ፋሲካን ይቀበላሉ?

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በተቃረበ ቁጥር ስለ በሬና ስለ በግ ዋጋ፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ቅቤ ገበያ ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። እመቤቲቱ በጓዳዋ ስለምታሰናዳው ዶሮ ወጥም በየዓመቱ የማይባል ነገር የለም። ከቤት ውጭ ስለሚዘረጋው ማዕድ ግን እምብዛም የሚያነሣ አይገኝም። አባት ከሥጋው መደብ፣ እናት ከምድጃው፣ ልጆች ከአዳራሹ ሆነው የሚያስተዳድሩት የሠፈር ምግብ ቤት ሑዳዴን እንዴት ይከርማል? ሥጋ ሸጦ የሚያድር ክርስቲያን ቤተሰብ ሥጋ በማይበላባቸው 55 ቀናት በምን ይተዳደራል? ይህን ጥያቄ ይዘን በዛሬው የበዓል ገጻችን ወደ አዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ወደ አቃቂ ቃሊቲ እንወርዳለን።

አቃቂ የምግብ ቤቶች መንደር የሆነችው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ በዋና ከተማዋ ደጃፍ ላይ የምትገኝ ጣቢያ ሆነች። ከጊዜ በኋላም በሐዲዱና በወንዙ አካባቢ ፋብሪካዎች ተተከሉ። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ፣ በቃሊቲም በኩል የምግብና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በየዘመናቸው ብዙ ሺህ ሠራተኛ ወደ አካባቢው ሳቡ። ፋብሪካ ባለበት ፈረቃ አለ፤ ፈረቃ ባለበትም በእኩለ ሌሊት የሚራብ ሰው አለ። በዚህ ላይ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትና ከዚያ የሚመለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው፣ በቃሊቲ ጉምሩክ ዕቃቸው እስኪፈተሽ የሚጠባበቁት ነጋዴዎች፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚጓዘው መንገደኛ ሲጨመር፣ ከቤቱ ርቆ የሚበላው ሰው ቁጥር ቀላል እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም።

ቀድሞ ራሷን የቻለች ከተማ የነበረችው አቃቂ ዛሬ የአዲስ አበባ አካል ናት፤ በ1995 ዓ.ም. ከተማይቱ በክፍላተ ከተማ ስትዋቀርም አቃቂ ቃሊቲ አንዱ ክፍለ ከተማ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ቀላሉ ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ደረሰ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ የተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ተከፍቶ ነበርና፣ ዱከምንና ደብረ ዘይትን እያቋረጠ በሚያልፈው አሮጌ መንገድ ይመላለስ የነበረው መኪና ብዙው ወደዚያ ዞሯል። መንገድ ሲዞር ገበያም ይዞራል። በአሮጌው መንገድ ዳር በመንገደኛ ብቻ የሚተማመን ምግብ ቤት ጉዳቱን ያውቀዋል። በሠፈር ሰውና በፋብሪካ ሠራተኛ ላይ የቆመው ግን እንደ ቀድሞው ጢሱ አልተቋረጠም።

እንዲህ ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በትልቅ ካፒታል አይደለም። አንዲት እናት በመኖሪያ ቤቷ በረንዳ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጣ እንጀራ በሽሮ ትሸጣለች። ደንበኛ ሲበዛ ከመኖሪያው አንዱ ክፍል ይለቀቃል። ባለቤቷ የፋብሪካ ሥራውን በጡረታ ሲተው፣ ወይም ከዚያም በፊት፣ በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ይፈርስና የሥጋ መስኮት ይወጣለታል። መንጠቆው ይሰቀላል፣ ሚዛኑ ይቀመጣል፣ በመስኮቱም ላይ መስቀል ይሣላል። ሴቲቱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን አስቀምጠው ትሪ ያነሣሉ። እንግዳ ሲገባ «ምን ልታዘዝ?» የሚለው ልጅ አስተናጋጅ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ልጅ ነው፤ ሒሳቡ ቢሳሳት የሚጠየቀውም በእናቱ ነው።

በአገራችን ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ከሰው ፊት የሚያሳፍር ነገር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ ደፍሮ የሚገባ ተመጋቢ ጠፍቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየበሉና ሒሳብ እየከፈሉ ሕዝቡን አለማመዱት ይባላል። እንጀራ ለእንግዳ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም። ዛሬ ያ ይሉኝታ ቢጠፋም በክርስቲያኑ ቤተሰብ ዘንድ ግን ከእርሱ የጠነከረ አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም ጥርጣሬ ነው። ከማያውቁት ቤት የሚቀርብ ምግብ ላይ ሁሉ በሆድ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ሥጋው በማን ስም ተባረከ? የጾሙ ድስት ለብቻው ነው? ሽሮው ውስጥ ቅቤ ጠብ አላለም? ሽንኩርቱ የቁሌት ዘይት ትናንት ሥጋ የተጠበሰበት አይደለምን?

እነዚህ ጥያቄዎች ተራ መጠራጠር አይደሉም። እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በስመ ሥላሴ ተባርኮ ያልታረደ እንስሳ ሥጋ አይበላም። በአዲስ አበባ ቄራም የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እርድ በየራሱ ሥፍራ ይፈጸማል። ሉካንዳዎችም በመስኮታቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ሥለው ማንነታቸውን ያሳውቃሉ። በጾም ወራት ደግሞ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና ዕንቁላልም አይቀመሱም። ተመጋቢው ወደ ወጥ ቤቱ ገብቶ ድስት ሊመረምር አይችልም፤ ያለው ምርጫ ባለቤቶቹን ማመን ነው። ትልቁ ሆቴል በጌጡና በአስተናጋጁ ልብስ ይታመናል። የሠፈሩ ቤት የሚታመነው ግን እናቲቱ በእሑድ ቅዳሴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎን ስለሚታዩ፣ ንስሐ አባታቸውም የአብዛኛው ደንበኛ ንስሐ አባት ስለሆኑ ነው። በአንድ ደብር የሚያስቀድሱ ሰዎች በድስት ጉዳይ መዋሸት ይከብዳቸዋል።

የሒሳቡ ነገር እንዲህ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያት ከ40 ቀን በላይ፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ እንደ ዓመቱ የሚረዝመውና የሚያጥረው የሐዋርያት ጾም፣ የነነዌ 3 ቀን፣ ከእነዚህም ውጭ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ የጾም ቀን ነው። ሁሉም ምእመን ሁሉንም ይጾማል ማለት አይደለም፤ ዐቢይ ጾምን የማይጾም ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ ሥጋ ሻጩ ቤተሰብ የዓመት ገቢውን የሚሠራው በቀረው ግማሽ ነው። የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። የመብራትና የውኃ ሒሳብም፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያም እንደዚሁ።

ሥጋ ቤቶች ከፍተኛውን ገበያ የሚያገኙት በዋዜማው፣ በቅበላው ሰሞን ነው። ከዘወረደ እሑድ ቀደም ባሉት ቀናት በአቃቂ ሥጋ ቤቶች በር ላይ መቆሚያ አይገኝም። ጓደኛ ጓደኛውን፣ አለቃ ሠራተኞቹን፣ አማች አማቱን ይጋብዛል። ሻኛውና ታላቁ፣ ጎድኑና ሽንጡ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃሉ። ደርሶ «ሽንጥ አለ?» ብሎ የሚጠይቅም «ጋሼ፣ አልቋል፤ ዳቢት ግን ጥሩ አለ» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ከዚያም ጾሙ ሲገባ ሥጋ ቆራጩ መንጠቆዎቹን አውርዶ ያጥባል፤ ጠረጴዛውን በፈላ ውኃና በሎሚ ይፈትጋል፤ ቢላዋዎቹን ስሎ በጨርቅ ይጠቀልልና ከግድግዳው ላይ ይሰቅላቸዋል። መስኮቱም ይዘጋል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ዓይነት ቤቶችን እናያለን። የመጀመሪያዎቹ ጨርሰው የሚዘጉ ናቸው። ሠራተኞቻቸው ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፤ ባለቤቶቹም ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ፣ የተሰበረ ወንበር ያስጠግናሉ። እንዲህ ማድረግ የሚችለው ቤቱ የራሱ የሆነ፣ ኪራይ የማይከፍል ሰው ነው። ሁለተኛዎቹ ሥጋውንም ጾሙንም ጎን ለጎን የሚሸጡ ናቸው። ለዚህም የማይጾም ደንበኛ መኖሩን እንደ ምክንያት ያቀርባሉ። ንግዳቸው የራሳቸው ነውና አንፈርድባቸውም፤ ነገር ግን የሚጾመው ቤተሰብ ከእነርሱ በር እየራቀ መሄዱን እነርሱም አይክዱትም። የጥብስ ሽታ እያወደው በያይነቱ የሚበላ ጿሚ ከልቡ አይደለም የሚበላው። ሦስተኛዎቹ፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆኑት፣ ሥጋውን አቁመው ቤቱን በሙሉ ለጾም የሚያዞሩ ናቸው።

ማዞር ሲባል በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። በሥጋ ቤት ዋናው ሰው አባት ነው፤ ቢላዋ የያዘው እርሱ ነውና። ሑዳዴ ሲገባ ሥልጣኑ ወደ እናት ይሸጋገራል። የፍስኩ ድስት፣ የፍስኩ መጥበሻ፣ ማማሰያው ሳይቀር ተጠርዞ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ የጾሙ ድስቶች በምትካቸው ይወርዳሉ። ቅቤ የነካው ሁሉ ከወጥ ቤት ይወጣል። አባት ከእንግዲህ ሽንኩርት ላጭ ነው። በብዙ ቤት ይህ ነገር የሚያስቅ ጨዋታ ቢፈጥርም ከባድ ቁም ነገርም አለበት፤ የ55 ቀን ገቢ በእናቲቱ ሽሮ ላይ ተንጠልጥሏልና።

የምሳ ሰዓቱም ይለወጣል። በጾሙ የሥራ ቀናት ቅዳሴው የሚያበቃው ከቀትር በኋላ በመሆኑ፣ የሚጾመው ሰው ቢያንስ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም። የፋብሪካው ደወል ግን በ6 ሰዓት ይደወላል። ስለዚህ ቤቱ ሁለት ምሳ ያሰናዳል፤ ሕመምተኛው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ላይ ያለው በ6 ሰዓት ሲመጣ፣ ሌላው ከ9 ሰዓት በኋላ ነጠላውን እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ይመጣል። በመካከሉ ባሉት ሰዓታት ቤቱ ጭር ይላል። እንጀራው እንዳይደርቅ፣ ወጡ እንዳይጎሽ፣ ጎመኑ እንዳይጠቁር በሁለት ጊዜ መሥራት ግድ ነው። ድካሙ እጥፍ፣ የማገዶው ወጪም እጥፍ ነው፤ የሚከፈለው ሒሳብ ግን ከጥብስ ሒሳብ ጋር አይወዳደርም።

በትሪው ላይ የሚቀርበው ነገር ሲታይ ደግሞ አቃቂ ከብዙ አካባቢ የተሻለ ዕድል አላት። ከአቃቂ ጀምሮ እስከ አድአ የተንጣለለው ጥቁር መረሬ አፈር ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር የሚወድ አፈር ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም ስሙ የሚነሣው በእነዚሁ ሰብሎች ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው ያበረከተው «ቁንጮ» የተባለ ነጭ ጤፍ በብዙ አካባቢ ተዛምቷል። እንግዲህ የጾም ማዕድ ዋና ዋናዎቹ፣ እንጀራው፣ የሽምብራ ሽሮው፣ የምስር ወጡ፣ ከደጅ የሚበቅሉ ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ድንች በቃሪያ፣ ቲማቲም ለብለብ፣ አዚፋ በሰናፍጭ፣ የሱፍ ፍትፍት ይጨመራሉ። ስልጆ የሚያሰናዱ እናቶች ቁጥር እየተመናመነ ቢሆንም ጨርሶ አልጠፉም፤ ስልጆ ያለበትን ቤት ያገኘ ሰው ለወዳጁ ሳይናገር አያድርም። የሽምብራ ዓሣም እንዲሁ። የሽምብራ ዱቄት በዓሣ ቅርጽ ተቆራርጦ፣ ተጠብሶ፣ በበርበሬ ቁሌት ሲንተከተክ፣ የአያቶቻችን ጾም ያለ ቅቤም ጣዕም እንደነበረው ያስታውሳል።

በርበሬን ካነሣን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አንለፍ። ያለ እርሱ ወጥ የማይመስለን በርበሬ የትውልድ አገሩ ከእኛ እጅግ ሩቅ ነው። ጥንተ መሠረቱ ሜክሲኮና አካባቢዋ ሲሆን፣ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኋላ መርከበኞች በዓለም ሲበትኑት ወደ እኛም መጥቷል። ቲማቲምም ወደ ማዕድ የገባው ከዚያው አገር ነው። ሜክሲኮ በ1928 ዓ.ም. የተፈጸመውን የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ባለመቀበሏ በአዲስ አበባ በስሟ አደባባይ ተሰይሞላታል፤ በዋና ከተማዋም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። እዚያም ቤተሰብ የሚያስተዳድረው የሠፈር ምግብ ቤት የሕዝቡ መሰብሰቢያ ነው። የበቆሎ ቂጣቸውን ጠፍጥፈው፣ ባቄላ መሰል ቦሎቄያቸውን ቀቅለው፣ በበርበሬ እያጣፈጡ ይበላሉ፤ ካቶሊኮች በመሆናቸውም ከፋሲካቸው በፊት ባሉት የጾም ዓርቦች ሥጋ አይቀምሱም። በጾሙ ወራት የሚያዘጋጁት የራሱ የሆነ ምግብ አላቸው። ከውቅያኖስ ማዶ ያለች እናትም በጾም ቀን ለደንበኛዋ ምን እንደምታቀርብ ስታስብ ታድራለች ማለት ነው።

የጎመኑ ጉዳይ ግን የሚያሳስብ ነገር አለው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከተማይቱን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ግድቡ በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሲሆን፣ ወንዞቹ ወደዚያ ሲደርሱ የከተማውን ቆሻሻና የፋብሪካውን ዝቃጭ ተሸክመው ነው። በዳርቻቸው ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ድንች በመስኖ ይለማል። በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶችም በዚህ ውኃ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ጤናን የሚጎዱ ከባድ ብረታ ብረቶች መገኘታቸውን ገልጸዋል። እንዲህ ያለው ነገር በማጠብና በመቀቀል የሚወገድ አይደለም። በጾም ወራት የቅጠል ፍጆታ ስለሚጨምር ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ጠንቃቃ እናት ጎመኗን የምትገዛው ከየት እንደሚመጣ ከምታውቀው ነጋዴ ነው፤ ደንበኛውም «ጎመኑ ከየት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። «ቅቤ ገብቶበታል ወይ?» ብለን የምንጠይቀውን ያህል ይህንንም መጠየቅ ያለብን ይመስለናል። ወንዙን ማጽዳት ግን የእናቲቱ ሥራ አይደለም።

ስለ ዓሣም እንዲሁ አንድ ነገር እንበል። በከተማው ብዙ ምግብ ቤቶች ጾም ሲገባ «የዓሣ ጥብስ፣ የዓሣ ጎላሽ» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዓሣ በጾም እንደማይበላ ያስተምራሉ፤ ሕዝቡ ግን በሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። አንዳንድ የአቃቂ ቤቶች ክርክሩን ለደንበኛው ትተው ዓሣውን ይሠራሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ንስሐ አባታችን አልፈቀዱልንም» ብለው ይተዉታል። በሽያጭ የሚያጡት ቀላል አይደለም። ከዚህ የባሰው ግን በቅርብ ዓመታት የመጣው የጾም በርገርና የጾም ክሬም ኬክ ነው። የሥጋ መልክና የወተት ጣዕም ለማስመሰል ይህን ሁሉ የሚደክም ሰው፣ ሽሮውን በልቶ ቢገላገል ምን ነበረበት ያሰኛል።

ሳምንታቱ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት እያሉ ተቆጥረው በገብር ኄርና በኒቆዲሞስ አልፈው ሆሣዕና ይደርሳሉ። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ቤቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይቀቀላል። ባቄላው፣ ስንዴው፣ አተሩ በጨው ተቀቅሎ ለመጣው ሁሉ በሳህን ይዘገንለታል፤ በብዙ ቤት ያለ ክፍያ። በስቅለት ዓርብ አብዛኞቹ ይዘጋሉ፤ ሰው ሁሉ በስግደት ላይ ነው። ቅዳሜ፣ ከዓመቱ ቅዳሜዎች ሁሉ በተለየ የምትጾመው ቀዳም ሥዑር፣ ካህናቱ ቄጤማ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ያን ዕለት ቄጤማውን በራሱ ላይ ያሰረው ሥጋ ቆራጭ የተጠቀለለውን ጨርቅ ፈትቶ ቢላዋዎቹን ያወርዳል።

በዚያች ቅዳሜ ለእርሱ የሚሆን ሥራ በየሠፈሩ አለ። በአቃቂ የከብት ገበያ የተገዙት በሬዎች በየመንደሩ ታስረዋል። የቱሉ ዲምቱ፣ የገላንና የቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ከብሎካቸው ጎረቤቶች ጋር ተዋጥተው ለቅርጫ ገዝተዋል። የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ሲሠሩ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች አብረው ታንጸው ነበር፤ አንዳንዱ ቦታ ለሌላ ጉዳይ ውሎ እርዱ መኪና ማቆሚያ ላይ ይፈጸማል። ገንዘብ ማዋጣት ይቻላል፤ ቢላዋ አያያዝ የሚያውቅ ግን በብሎኩ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ የታክሲ ሾፌር ነው። ስለዚህ «ጋሼ፣ እባክዎን ለእኛም ይድረሱልን» እየተባለ የሚለመነው የሠፈሩ ሥጋ ቆራጭ ነው። እርሱም በስመ ሥላሴ ባርኮ ያርዳል፤ ይገፋል፤ ሥጋውን ዓይነት በዓይነት እያዳረሰ በቅጠል ላይ መደብ መደብ አድርጎ ያስቀምጣል። ከፍሪምባው፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው፣ ከቅልጥሙ ለሁሉም እኩል መድረስ አለበት። ዕጣ ከመጣሉ በፊት አንዱ መደብ ቢያንስ ጥፋቱ የእርሱ ነው። ከሌሊቱ በፊት ሦስትና አራት ቦታ ይዞራል፤ የሚከፈለው ገንዘብም የጾሙን ወራት የዕዳ ቀዳዳ ከሚደፍኑለት አንዱ ነው።

ከጥሬ ሥጋ ጋር ለሚፈጠረው የበዓል ፍቅር የጤና ባለሙያዎች በየዓመቱ የሚሰጡትን ምክር እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። 55 ቀን ሥጋና ቅባት ያልነካው ሆድ በአንድ ጊዜ ብርንዶና ክትፎ ሲጫንበት ይታመማል። የኮሶ ትል የሚተላለፈውም በደንብ ባልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። በቄራ ያለው የእንስሳት ሐኪም ምርመራ አንዱ ጥቅም ይህንኑ ማየት ሲሆን፣ በየግቢው የሚታረደው በሬ ግን ይህ ዕድል የለውም። ጥሬውን ለሌላ ቀን ትቶ በበዓሉ ዕለት ማብሰል ይሻላል። እናቶቻችን ከዶሮው በፊት ተልባ በጥብጠው የሚያጠጡን ሆዱ እንዲለሰልስ ብለው ነው፤ ይህ ልማድ ባይቀር መልካም ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ቅዳሴው አብቅቶ፣ ዶሮ ሲጮህ፣ ክርስቲያኑ ሁሉ በየቤቱ ይፈስካል። 12ቱ የዶሮ ብልቶች በሎሚና በጨው ታጥበው፣ ሽንኩርቱ ከቀትር ጀምሮ ሲቁላላ ውሎ፣ ዕንቁላሉ ተልጦ ገብቶ መሶቡ ቀርቧል። በዚህ ሰዓት ማንም ወደ ምግብ ቤት አይሄድም። እናቲቱም እንደ ማንኛዋም እናት በራሷ ጓዳ፣ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ናት። የዓመቱ ሌሎች ቀናት የእንግዳ ናቸው፤ ይህች ሌሊት ግን የቤተሰቡ ናት።

ሆኖም ብዙ ቤቶች በፋሲካ ቀን ረፋዱ ላይ በሩን ገርበብ ያደርጋሉ። ለምን ቢባል፣ አቃቂ ቃሊቲ ከሌላ አገር መጥቶ ብቻውን የሚኖር ሰው የሚበዛበት ሥፍራ ነውና። በቂሊንጦና በአካባቢው ፋብሪካዎች የሚሠሩ፣ አንድ ክፍል ለአራትና ለአምስት ተከራይተው የሚኖሩ፣ የትራንስፖርቱን ዋጋ አስበው ወደ ወላጆቻቸው ያልሄዱ ወጣት ሴቶች አሉ። መኪናው ጉምሩክ ደጃፍ ላይ የቆመበት ሾፌር አለ። የመጋዘን ዘብ አለ፤ በዓል ነው ተብሎ ዘብ አይቀርም። የታሰረ ዘመዱን ለመጠየቅ ከሩቅ አገር መጥቶ ወደ አገሩ የሚመለስበት መኪና ያላገኘ ሰውም አለ። እነዚህ ሰዎች ጠዋት ላይ የሚንቀሳቀስ ጢስ ያለበትን በር ይፈልጋሉ።

ለእነርሱ የሚቀርበው ከምግብ ዝርዝር የሚመረጥ አይደለም። ለቤተሰቡ ከተሠራው ድስት አንድ ብልትና አንድ ዕንቁላል፣ ከዳቦው ቁራሽ፣ ከጠላው አንድ ጣሳ ነው። በሌላው ቀን በየጠረጴዛው ተበታትኖ ይቀመጥ የነበረው ደንበኛ ያን ዕለት በአንድ መሶብ ዙሪያ ይሰበሰባል። ሾፌሩ ከዘቡ፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ከማታውቃቸው አዛውንት ጋር እጃቸውን በአንድ ትሪ ላይ ያገናኛሉ፤ እናቲቱም «እንኳን አደረሳችሁ ልጆቼ» እያሉ ያጎርሷቸዋል። አንዳንዶቹ ቤቶች ሒሳብ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የዚያን ቀን ገንዘብ አይነኩም። ሁለቱንም የሚነቅፍ ሰው አላጋጠመንም። የተቀበሉትም ቢሆኑ የ55 ቀን ዕዳ አለባቸው።

ሰኞ ማለዳ መስኮቱ ይከፈታል። ነጭ ጋዎኑን የለበሰው አባት ከመንጠቆው ሥር ይቆማል፤ ወንዶቹ ልጆች ከሰል ያቀጣጥላሉ፤ የጥብሱ ሽታ እስከ ዋናው መንገድ ይደርሳል። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ባለው ሳምንት፣ ከዚያም እስከ በዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ቤቱ የዓመቱን ቀለብ የሚሠራባቸው 50 ቀናት ናቸው። እናቲቱም ባሏ ቢላዋውን በያዘበት በዚያው ጠዋት የጾሙን ድስቶች በአመድና በፈላ ውኃ አሽታ ታጥባለች፤ በጨርቅ አድርቃ፣ አፋቸውን ደፍታ፣ የሐዋርያት ጾም እስኪገባ ድረስ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ታወጣቸዋለች።